የሐጃ መዲና ቤት ባሕር ላይ

«መንገድ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍትስ?» አሉ እማማ ወለተማርያም። «በአንድ ቃል አበሻ መሆኑን ያውቁበት የለ? ከዚያስ?»

ጥያቄው ለልጅ ልጃቸው ለህሊና ነበር። ሁለቱ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ በተከራዩት ቤት የግቢ በር ላይ ቆመው አንዴ ወደ ዋናው መንገድ፣ አንዴ ወደ ስልኩ ያያሉ። ጥዑመልሳን በሞተሩ የወጣው ጧት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቡሪ የሚባለው ሰፈር ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። አሁን አምስት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐዩም የብረቱን በር በእጅ የማይነካ አድርጎታል።

ጥዑመልሳን የእማማ ወለተማርያም የመጨረሻ ልጅ፣ የህሊና አጎት ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሰፈር ውስጥ ካለው መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ከቤት መውጣት ለማይችሉ በሽተኞች መድኃኒት ያደርሳል። ሥራው ቀላል ነበር። በሽተኛው ያለበትን ቦታ በስልክ ይልካል፤ ጥዑመልሳን በስልኩ ካርታ እየተመራ ይደርሳል። ታዲያ በጦር ሠራዊቱ ግቢ ፊት ለፊት ለተቃውሞ ለሳምንታት ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ በተበተነበት ዕለት በከተማው ሁሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው። ደውሎ ማውራት ይቻላል፣ መልእክት መጻፍም ይቻላል፤ የስልኩ ካርታ ግን ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። የህሊና ትምህርት ቤትም ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም። ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላው ልጅ ቤት መዋል ምን ያህል እንደሚያቅበጠብጥ እንግዲህ የዋለበት ያውቀዋል።

ሞተሩ ድምፁን አሰምቶ ሲመጣ እማማ ወለተማርያም ስሙን አልጠሩም። ወደ ውስጥ ገብተው ውኃ ቀዱ።

ጥዑመልሳን የሆነውን እንደ ቀልድ ነው ያወራላቸው። ቡሪ መግቢያ ላይ የሰፈሩ ወጣቶች ጡብና ድንጋይ ከምረው መንገዱን ዘግተዋል፤ ሱዳኖቹ መታሪስ ይሉታል። በየመታሪሱ እየቆመ የሐጃ መዲናን ቤት ጠየቀ። ሐጃ መዲና ስኳር ያለባቸው፣ ያለ ኢንሱሊን ውለው ማደር የማይችሉ አሮጊት ናቸው። ሁለተኛው መታሪስ ላይ አንዱ ወጣት የአረብኛ አነጋገሩን ሰማና፣ አንተን ማን ልኮህ ነው የሰው ቤት የምታጣራው ብሎ የበረዶ ሳጥኑን አስከፈተው። ሰላይ መስሎት ነው። የሐኪሙን ወረቀት ሲያዩ ይቅርታ ጠይቀው ውኃ አጠጡት። ማዶ ያለው መንገድ ላይ ደግሞ የቆሙት ወጣቶች አልነበሩም፤ ወታደሮች ነበሩ። እነሱ ውኃ አልሰጡትም። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለት ነው፣ ሦስት ጊዜ አገላብጠው ፀሐይ ላይ አቆሙት። ቤቱን ሳያገኘው በረዶው ቀለጠ፤ መድኃኒቱም ተበላሸ።

«መሄዱ አይደለም ጣጣው፤ መጠየቁ ነው» አለ ውኃውን ጨርሶ። «ካልጠየቅኩ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ኢንተርኔት የማይፈልግ ጂፒኤስ እገዛለሁ። ህሊና፣ አንቺ ታነቢልኛለሽ። ያላ፣ ተነሺ።»

እማማ ወለተማርያም ሥራው ቢቀርስ አሉ። ቢቀር ሐጃ መዲናስ አላቸው። ሌላ ስጋት አመጡ፤ ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ ዕቃ ለሌላም መናገሩ አይቀርም፣ ሞተሩ ላይ ታስሮ ቤታችንን ያሳብቅብናል። ይህን እንኳ ህሊና መለሰችላቸው። ዕቃው እንደ ሬዲዮ ነው፤ ከላይ የሚመጣውን ይሰማል እንጂ የሚናገርበት አፍ የለውም። እማማ ሬዲዮ የሚለውን ሲሰሙ ጥቂት ረጋ አሉ። ሬዲዮ ያውቃሉ፤ ሬዲዮ ሰውን አሳልፎ ሲሰጥ አላዩም።

የዳውድ ሱቅ ከሁለት መንገድ በላይ አይርቅም። ዳውድ ያገለገሉ ስልኮች የሚጠግንና የሚሸጥ ሱዳናዊ ነው፤ ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ሱቁ ጭር ብሏል። ሦስት ዕቃ አውጥቶ የባንኮኒው መስታወት ላይ ደረደረላቸው።

አንደኛው ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራ አዲስ ዕቃ ነበር፤ ዳውድ ራሱ ዋጋውን ሲናገር አፈረ። ሁለተኛው የመኪና ነው። መስታወቱ እንደ መጽሐፍ ሰፊ፣ ቀለሙ የሚያምር፤ አንዲት ሴት በአረብኛ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ትላለች። ሦስተኛው ጎማ የለበሰ ግራጫ ነገር ነበር። እንደ ድሮ ስልክ ቁልፎች አሉት፤ በሁለት የድንጋይ ባትሪ ይሠራል። ዳውድ ከበረሃ ከተመለሰ ወርቅ ቆፋሪ ነው የገዛሁት አለ።

«አቦ እኔ ሴትዮዋን ወድጃታለሁ» አለ ጥዑመልሳን። «ሳልጠይቃት መንገድ የምትነግረኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ወታደር ፊትም ዝም አትልም» አለች ህሊና።

ሁለቱንም ይዛ ከሱቁ ወጣችና ፀሐይ ላይ ቆመች። የመኪናው ዕቃ መስታወት ብርሃኑ ሲያርፍበት ጠቁሮ የራሷን አፍንጫ አሳያት። ግራጫው ግን ይበልጥ ጠራ። ጥዑመልሳን ከትከሻዋ በላይ አየና ፊቱን አጨማደደ። ካርታው የአገርና የወንዝ መስመር እንጂ የከተማ መንገድ የለውም፤ ለቤት አንድ ቀስትና አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። ቤቱ በዚህ በኩል ነው፣ ይህን ያህል ይርቃል፤ አለቀ።

«ለዚያ እኮ ነው የሚሻልህ» አለችው። «ያኛው የሚያውቀው የድሮውን መንገድ ነው። መታሪስ ላይ አድርሶህ፣ ቀጥል እያለ ሲጨቀጭቅህ ይውላል። ይሄኛው ቤቱ ወዴት እንደሆነ ይነግርሃል፤ የትኛው ቅያስ ክፍት እንደሆነ ደግሞ አንተ በዓይንህ ታያለህ።»

ጥዑመልሳን ዳውድን አየው። ዳውድ ራሱን ነቀነቀና ልጅቷን ሱቁ ውስጥ ልቅጠራት አለ።

ማሰሩ እንደመግዛቱ ቀላል አልሆነም። መያዣው የተሠራው ለወፍራም ብረት ነው፤ የሞተሩ መሪ ቀጭን ስለሆነ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ዕቃው ይሽከረከራል። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው መሪው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙ፤ ያን ጊዜ ነከሰ። መሀል ላይ ሲያስሩት የፍሪሲዮኑን ሽቦ ገፋው። ወደ ቀኝ ሲያመጡት መሪው ሲዞር ከነዳጅ ጋኑ ጋር ተጋጨ። በመጨረሻ በግራ ስፖኪዮ ሥር ቦታ አገኙለት። ጥዑመልሳን ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሰጠው፤ ህሊና ካቻቢቴውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ንዝረቱን አየች። ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይነበባል።

በአንድ እጅ ነቅሎ ኪስ ውስጥ ለመክተት ምን ያህል እንደሚፈጅበት ደግሞ ደጋግመው ሞከሩት። መጀመሪያ እስከ ሰባት ቆጠረች፤ በኋላ እስከ ሦስት። እማማ ወለተማርያም ከበረንዳው ሆነው ያያሉ። ለምን መንቀል እንዳስፈለገ አልጠየቁም፤ ገብቷቸዋል፤ ስለገባቸውም ጓዳ ገቡ።

የሚቀጥለው ቀን የቁጥሮቹ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ኦመር ደንበኞቹ ቀድሞ የላኩለት ቦታ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ነበረው። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ በዐሥራ አምስት፣ ሌላው በሠላሳ ሁለት ይጀምራል። ኦመር የዐሥራ አንድ ቤት ቁጥር በእጁ ገልብጦ ላከላቸው። ወረቀቱ በአረብኛ ወግ ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፈ ነው፤ የፊተኛው ቁጥር በቀኝ፣ የኋለኛው በግራ። ህሊና አረብኛ የተማረችው ፊደል ስትቆጥር ጀምሮ ነውና አልከበዳትም። ጥዑመልሳን ልብሱን እያጠበ፣ እሷ ሞተሩ አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ዐሥሩን ቤት አንድ በአንድ አስገባች። ሦስት ኪሎ ሜትር፣ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ተኩል። ስም ትጽፋለች፣ ታስቀምጣለች፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች።

ዐሥራ አንደኛው የሐጃ መዲና ነው። ኦመር ስለረሳው ኋላ ላይ በወረቀቱ ጀርባ የጨመረው፣ ያለ ርእስ፣ ሁለት ቁጥር ብቻ። ህሊና ወረቀቱን ገልብጣ አማርኛ እንደምታነብ ከግራ ወደ ቀኝ አነበበችውና አስገባችው።

ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር አለ ዕቃው።

ወዲያው ገባት። ቁጥሮቹን አቀያይራቸዋለች። አንድ ቁልፍ ተጭና ብታጠፋው እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ቀስቱ ወዴት እንደሚያሳይ ለማየት ጓጓች፤ ልጅ አይደለች። ካርታውን አራቀችው፣ አራቀችው። ካርቱም ነጥብ ሆነች፣ አባይ ክር ሆነ፤ በረሃው አለፈ፤ «ሊቢያ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያም ሰማያዊ። የሐጃ መዲና ቤት ከሊቢያ ጠረፍ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ ቁጭ ብሏል።

የህሊና አባት ተሰማ፣ የጥዑመልሳን ታላቅ ወንድም፣ የዛሬ አራት ዓመት ከኦምዱርማን በጭነት መኪና ወደ ሊቢያ ሄዷል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ባሕር ዳር ነኝ አለ፤ የከተማውን ስም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እናቷ ካሳነሽ እዚሁ ካርቱም በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ስለ ተሰማ ግን አያወሩም። ቤቱ ውስጥ ያ ባሕር ስም የለውም። አሁን እዚህ ጉልበቷ ላይ፣ በአውራ ጣቷ ልትሸፍነው በምትችለው መስታወት ውስጥ አገኘችው። ቀስቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በጎረቤት ጣሪያ ላይ በኩል ያሳያል። ምን ያህል እንዳየችው አላወቀችም። ስሙን አልጻፈችለትም፤ አላጠፋችውም። ዕቃውን በባልዲው ላይ አስቀምጣ ውኃ ልትጠጣ ገባች።

ስትመለስ እማማ ወለተማርያም ዕቃውን ይዘው ቆመዋል።

እማማ በወጣትነታቸው ስድስተኛ ክፍል ደርሰዋል። የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያሉ፤ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያነባሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ህሊና አየች። አምስት ፊደል ነው። አምስቱንም ጨረሱ። ዕቃውን ቀስ ብለው አስቀመጡትና ወደ ሞተሩ ሄደው ቁልፉን ነቀሉ፤ በቀሚሳቸው አንገት በኩል ወደ ውስጥ ከተቱት። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ቢያለቅሱ ይሻል ነበር።

ይህን ፍርሃት ያመጣው ተሰማ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጥዑመልሳንም ሰው ወደ ሊቢያ ከሚያሻግር አንድ ደላላ ጋር ሲነጋገር ተይዟል። እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ትቼዋለሁ ብሎ ምሏል።

ጥዑመልሳን እጁን በሱሪው እያደረቀ መጣ። ቁልፉን አጥቶ መሬቱን ሲያይ፣ ኪሱን ሲፈትሽ፣ «እኔ ጋ ነው» አሉት። ዕቃውንም አሳዩት። «መጀመሪያ ይሄን ንገረኝ።»

አየው። እውነቱን ለመናገር ደነገጠ፤ ጥፋት የሌለበትም ሰው ይደነግጣል። የድሮው ባለቤት ያስቀመጠው ይሆናል አለ፤ ወርቅ ቆፋሪ ነበር።

«ወርቅ ቆፋሪ ባሕር መሀል ምን ይቆፍራል?» አሉ እማማ።

ጥዑመልሳን ሳቁ አመለጠው። መሳቁ ይበልጥ አበላሸው። ወዲያው ፊቱን ሰብስቦ፣ «እማዬ፣ ያን ነገር ትቼዋለሁ። ምዬልሻለሁ እኮ» አለ።

«ወንድምህም ምሎልኝ ነበር።»

ጥዑመልሳን ዞር አለና በሩ ላይ የቆመችውን ህሊናን አየ። «ህሊና፣ ይሄን ያስገባሽው አንቺ ነሽ እንዴ?»

አዎ ለማለት አፏ ተከፍቶ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር ታያት። ቁልፉ እማማ ጋ ከሆነ ሞተሩ አይነሳም። ሞተሩ ካልተነሳ መታሪስ የለም፤ ኢቃማ የሚያገላብጥ ወታደር የለም፤ በር ላይ ቆሞ መንገድ ማየት የለም። ጥዑሜ ቤት ይውላል። አንዲት ቃል ብቻ ናት የምትፈለገው።

«እኔ ያስገባሁት ዐሥር ነው» አለች።

ጥዑመልሳን ራሱን ነቀነቀ። አመናት። ሞተሩ አጠገብ ባልዲው ላይ ተቀመጠ።

ኦመር ደወለ። ሐጃ መዲና ከትናንት ጧት ጀምሮ መርፌ አልወሰዱም፤ አዲሱ መድኃኒት በረዶ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው፤ የት ደረስክ አለው። ጥዑመልሳን ሞተሩ እንቢ ብሎኝ ነው አለ። እናቴ ቁልፌን ወሰደችብኝ ማለት በሃያ አራት ዓመት አይቻልም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሐጃ መዲና የልጅ ልጅ ራሷ ደወለች። የእሷ ድምፅ ስልኩ ጆሮው ላይ ሆኖ እንኳ ግቢው ውስጥ ይሰማ ነበር። አያቷ ያስመልሳቸዋል፤ ሰው ሲያናግራቸው ቶሎ አይመልሱም፤ መኪና ያለው ጎረቤት በመታሪሱ ማለፍ አልቻለም። መጣሁ፣ ኢንሻአላህ መጣሁ አላት። ስልኩን ዘግቶ ወደ እናቱ ሄደ፤ በእግሬ ልሂድ አለ። እማማ በግቢው በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። አልተነሱም። እናቱን ገፍቶ የሚያልፍ ልጅ አይደለም።

ህሊና ጓዳ ሆና ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አንዱን ራስ ጨርሳ ሌላ ያዘች። ማንም አላዘዛትም። የልጅቷን ድምፅ ከጆሮዋ ማውጣት አቃታት፤ በዕድሜ እሷን የምታክል ትመስላለች። እሷም በር ላይ ቆማ መንገድ እያየች ይሆናል።

ጥዑመልሳን ገብቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ቀልደኛው ጥዑሜ አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሷ አታምነኝም፤ አልፈርድባትም» አለ። «አንቺ ግን እመኚኝ፣ ህሊና። አባትሽ በሄደበት መንገድ አልሄድም። ወላሂ፣ ትቼሽ አልሄድም።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። ቢቆጣት፣ ቢጠረጥራት፣ አንድ ነገር ቢላት ይሻላት ነበር። እሱ ተነስቶ ወጣ። ህሊና እጇን ታጠበች፣ ደርቆም ደግማ ታጠበችው፤ ከዚያ ዕቃውንና የኦመርን ወረቀት ይዛ ወደ ግቢው በር ሄደች።

እማማ ወለተማርያም ከወንበራቸው ቀና አላሉም። ህሊና እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን ገልብጣ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው።

«ይህን ያዩልኛል፣ እማማ? ይሄ የሐጃ መዲና ቤት ነው» አለች። «በዚህ በኩል ነው መነበብ ያለበት። እኔ በዚህ በኩል አነበብኩት።»

እማማ ወረቀቱን አዩ፤ አልገባቸውም። ህሊና ዕቃውን አብርታ ዐሥራ አንደኛውን ከፈተች። ያው ባሕር መጣ። እያዩ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብላ እየጠራች አጠፋችው፤ የኋላውን ወደ ፊት፣ የፊቱን ወደ ኋላ አድርጋ ጻፈችው። ቁልፉን ስትጫን ቀስቱ በመስታወቱ ላይ ዞሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቡሪ ቆመ። ሰማያዊው የለም። ስምንት ኪሎ ሜትር ይላል።

«ጥዑሜ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»

እማማ ወለተማርያም ለረጅም ጊዜ ቀስቱን አዩ። «አሁን ነው ያወቅሽው?»

«የለም። ጧት ነው ያወቅኩት። እርስዎ ሳያዩት በፊት።»

«እሱ ሲጠይቅሽስ?»

«ዋሸሁ። ሞተሩ እንዳይነሳ ብዬ ነው።»

ይቆጧታል ብላ ጠበቀች። እማማ ግን ልጅቷን እንደ አዲስ ሰው አዩዋት፤ በገዛ ቤታቸው ውስጥ የራሳቸውን ፍርሃት የሚያህል ሌላ ፍርሃት ሲያድግ እንደቆየ ገና ያወቁ ይመስል። አባትሽን ፈልገሽ ነው ያላጠፋሽው ብለው አልጠየቁም። ጥያቄው ግን እዚያው መሀላቸው ነበር።

«ለእኔ ብለሽ ነው የዋሸሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«ለእኔም።»

ውጪ ላይ አንድ መኪና አለፈ፤ ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ ህሊና ያላሰበችው ነገር ሆነ፤ እማማ ሐጃ መዲና ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል አሉ። አላውቅም፣ የእርስዎን ያህል ሳይሆን አይቀርም አለች። እማማ እጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው አንገት አስገቡ። ቁልፉ ሲወጣ በሰውነታቸው ሙቀት ግሎ ነበር። ለህሊና ሰጧት፤ ለጥዑመልሳን አልሰጡትም፤ ያን ለማድረግ እጃቸው እንቢ አለ። ተነሱና ወንበሩን ከበሩ ላይ አነሱ።

ህሊና ዞር ስትል ጥዑመልሳን ሞተሩ አጠገብ ቆሟል። ግቢው ጠባብ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል።

ቁልፉን ዘረጋችለት። ተቀበላት። ዕቃውንም ዘረጋችለት። ተቀበላትና በግራ ስፖኪዮ ሥር ባለው መያዣ ላይ ገፍቶ አስገባው፤ ቀጭ አለ። ህሊና ካቻቢቴውን አንስታ ብሎኑን አንድ ዙር ጨመረችለት፤ መጨመር አላስፈለገውም። ጎንበስ እንዳለች የሚናገራትን ትጠብቅ ነበር። ስድብ ቢሆን ይገባኛል አለች በልቧ። ቀልድ ቢሆን ደግሞ ታለቅስ ነበር። የሚያሳዝነው እሱ ዓይኑን ከቀስቱ አልነቀለም፤ ከሰው ይልቅ እሱን ማየት የሚቀለው መሰለ።

«ይቅርታ» አለች፣ ለብሎኑ የምትናገር ይመስል።

ጥዑመልሳን የራስ ቁሩን አጠለቀ።

እማማ ወለተማርያም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ማርያም ትከተልህ አሉት፤ ሁልጊዜ እንደሚሉት። ሁልጊዜ አሜን ይላል፤ ቸኩሎ እንኳ፣ ሞተሩ ላይ ሆኖ እንኳ። ዛሬ የግቢውን በር በእግሩ ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ እየገፋ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ።